ከኢያሪኮ የተረፈችው

“ኢያሪኮ ስትጠፋ ሽማግሌ ቀረ? የሚጠባ ሕፃን ቀረ? ያዘዘው ደግሞ እግዚአብሔር ነው። እኔ ከእሱ በላይ ርኅሩኅ ልሁን?”

መርማሪው ይህን ፊት ለፊቴ ሲለኝ አልጮኸም። የአንገቱን ማተብ በጣቱ እያሻሸ ነው ያለኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ማንኩሳ ውስጥ የቆሰለ ታጣቂ ያስጠጋው የማን ቤት እንደሆነ። ቤቱን አውቀዋለሁ። የአንዲት ሴት ነው፤ ጎረቤቷ ነኝ፤ ቁስሉ የታጠበበትን ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ልጆች አሏት፤ ትንሹ ገና ይጠባል።

“ነገ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘሽ ‘አላውቅም’ ብለሽ ትምያለሽ። ከማልሽ እለቅሻለሁ። በሐሰት ከማልሽ ግን ጉዳይሽ ከኔ ጋር አይደለም” ብሎ ወደታሰርንበት መለሰኝ።

የታሰርነው ፍኖተ ሰላም ዳር፣ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ነበር። በርበሬው ወጥቷል፤ ሽታው አልወጣም። አንዷ ስታስነጥስ ሁላችንም እንከተላለን። የሚያለቅስ ሰው እንኳ አይለይም፤ የሁላችንም ዓይን ቀልቷል።

አጠገቤ የሚተኙት መነኩሲት ዳዊታቸውን ተቀምተው በቃላቸው ይደግሙ ነበር። ሲጨርሱ አላስችል አለኝ።

“እማሆይ፣ እውነት እግዚአብሔር ሕፃን ግደሉ ብሏል?”

“ተጽፏል።”

“ታዲያ እንዴት ያመልኩታል?”

“ኧረ ተይ! ምላስሽ ከዚህ በርበሬ ይብሳል” አሉና አስነጠሳቸው። ቆይተው ቀጠሉ። “መምህራን ያመሠጥሩታል። ኢያሪኮ ኃጢአት ናት፤ በልብሽ ያለችውን አፍርሻት ነው ይላሉ።”

“ልጆቹስ?”

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ፣ “እሱን እኔም እጠይቀዋለሁ። ጌታ ሲመጣ ግን ሰይፍህን መልስ ነው ያለው። እኔ የያዝኩት እሱን ነው። ደግሞ ልብ በይ፤ ከዚያ ሁሉ ከተማ የተረፈችው ሰው የደበቀችው ረዓብ ናት። የንጉሡ ሰዎች ሲጠይቋት ዋሸች።”

“እና ልዋሽ?”

“እኔ ዋሺ አልኩሽ? ረዓብ ዋሸች አልኩ እንጂ።”

እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ የመለሰልኝ የለም።

በማግስቱ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጄን ጫንኩበት። ሽንቴን የያዝኩት በግድ ነው። “አላውቅም” ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። በሐሰት የማለ ዘሩ አይበቅልም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሴትዮዋም ቤት ከዓይኔ አልሄድ አለ።

“ማይ እንጂ!”

“አልምልም።”

“ታውቂያለሽ ማለት ነው።”

“አዎ፣ አውቃለሁ። አልነግርዎትም።”

ማተቡን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ “ውሰዳት” አለው።

“ወዴት?” አልኩ።

ጠባቂው ክንዴን ሊይዝ መጣ። ጎንበስ ብዬ መጽሐፉን ተሳለምኩና ቀድሜው ወጣሁ።