በጾም መግቢያ የተሸጠችው ላም

ላሟ የእኛ አልነበረችም። የእኛ የነበረች መስሎት የሚያዝንልኝ ሰው ስላለ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ከድብ ባሕር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር የሚገባበት አንድ ትንሽ አጥቢያ አለ። ባለቤቴ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቄስ ነበሩ። ደመወዛቸው ትንሽ ነበረች፤ እሷም ምእመኑ ሲያዋጣ ትመጣለች፣ ካላዋጣ ትቀራለች። ላሟን አንዲት መበለት ልጇ ከሕመም ሲድንላት ለታቦቱ በስለት ሰጠቻት። ቤተ ክርስቲያን በረት የላትምና የስለት ከብት ለአንድ ቤት በአደራ ይሰጣል። ያ ቤት ይቀልባል፣ ይጠብቃል፤ ወተቱ የጠባቂው ነው፣ ጥጃው የታቦቱ። ሰበካ ጉባኤው ላሟን ለእኛ ቤት ሰጠ። የደመወዙን ጉድለት ትሸፍናለች ተባለ። እውነትም ሸፈነች። እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚያው ዓመት ታናሿን ልጄን ኩፍኝ ያዛት። ገና በወጉ መናገር አልጀመረችም ነበር። ከኩፍኙ ብትድንም ዓይኗ አልዳነም። ቀን ስትጫወት ትውላለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ግድግዳውን እየዳበሰች ትፈልገኛለች። ዳፍንት ነው። አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ በባትሪ አየቻትና የሚሰጠው እንክብል እንዳለቀ ነገረችኝ።

«መቼ ይመጣል፣ እህቴ?»

«እኔም አላውቅም። ዶሮ አለሽ?»

«ፈንግል ፈጃቸው።»

«ወተትስ?»

«ወተት አለኝ።»

«እንግዲያው ዕድለኛ ነሽ። ወተቱንም ቅቤውንም ስጫት። አንድ ቀን እንዳታቋርጪባት። ከዚህ ካለፈ ዓይኗ ይጠፋል።»

ከዚያ ወዲያ ከላሟ የሚገኘው ሁሉ የእሷ ሆነ። ጠዋትና ማታ አልቤ ከነሙቀቱ እሰጣታለሁ። እየቆየ ሲሄድ ማታ ማታ የኩራዙን ነበልባል በጣቷ ታሳየኝ ጀመር።

የቅበላ እሑድ፣ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ተጠራ። በወጉ ሰብሳቢው ባለቤቴ ነበሩ፤ ሰው የሚሰማው ግን ምክትላቸውን ነው። ምክትሉ መንገድ ዳር ሱቅ፣ ቤታቸው ደግሞ ብዙ ከብት ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ነክተው አያውቁም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። እንዲያውም ሲጎድል ከኪሳቸው ይጨምሩ ነበር። ርኅራኄ ግን አልነበራቸውም።

«ወንዝ ማዶ ያለው አጥቢያ ማይክ ገዝቷል» አሉ ምክትሉ። «የእነሱ ቅዳሴ እኛ መኝታ ድረስ ይገባል። የእኛ የግቢውን አጥር አይዘልም። ሰው ምን ይለናል?»

«ታቦታቸውን ናቁት ይለናላ!» አለ አንዱ።

«እንግዲያው የስለቷ ላም ከነጥጃዋ ትሸጥ። በሚመጣው ገበያ።»

እኛ ሴቶቹ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጠናል። ባለቤቴን አየኋቸው። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ልጄን እንዳዘልኩ ተነሣሁ።

«አያ፣ ይፍቀዱልኝ። ነገ ጾም ይገባል። ሣሩ አልቋል፣ ከብቱ ከስቷል። ቅቤ የሚፈልግ በሌለበት የወተት ላም ማን ደኅና ዋጋ ይሰጥባታል? ፋሲካ እስኪቃረብ ብትቆይ ለታቦቱም ይበጃል።»

«ለታቦቱ ነው ወይስ ለጉሮሮሽ?»

ሰው ሳቀ።

«ልጄ ዓይኗን ታማለች፣ አያ። ወተት ታዞላታል።»

«ነገ ጾም ነው ያልሽ አንቺው ነሽ። በሁዳዴ ወተት የሚያምረው የቄስ ቤት ዛሬ ሰማሁ!»

«ሕፃን አይጾምም፣ አያ።»

«ለካ መምሬ ቅዳሴውን የሚያስረዝሙት በወተት ጉልበት ነው!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«እንግዲያማ ላሟ ትቀድስልን!» አለው ጓደኛው።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ልጄ ሰው ሲስቅ ሰምታ ጀርባዬ ላይ እንዳለች አብራ ሳቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴን ጠየቅኋቸው።

«ምነው ዝም አሉ?»

«ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ላሟ የታሰረችው እኔ በረት ነው። ብናገር ቄሱ ለራሱ ፈረደ ይሉኛል።»

«ልጅቱስ?»

«የሰጠን ያውቃል።»

ላሟ የታሰረችው በሌላ ቄስ በረት ቢሆን ኖሮ፣ የታመመችውም የሌላ ቄስ ልጅ ብትሆን፣ ባለቤቴ እስከ ማታ ይከራከሩ ነበር። የሽያጩን ቃለ ጉባኤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ሲፈርሙ ለአፍታም አላመነቱም ብለው ሰዎች ነገሩኝ፤ ይህንን የነገሩኝ እሳቸውን ለማመስገን ነው።

ላሟ ከእኔ ጋር ስለ ለመደች እስከ ገበያው እንድስባት ታዘዝኩ። ሳብኳት። ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ዳበሰ፣ የጎድን አጥንቷን በዱላው ነካ ነካ አደረገ።

«በጾም መግቢያ የወተት ላም የሚሸጥ ወይ የቸገረው ነው ወይ የቸኮለ ነው» አለ። «እናንተ የትኞቹ ናችሁ?»

«እኛ የታቦት ነን» አሉ ምክትሉ።

«ታቦቱን ደግሞ ምን አስቸኮለው?»

ሌላ ገዥ አልመጣም። ነጋዴው ከጥቂት ሳምንት በፊት ታወጣ ከነበረው ግማሹን ከፍሎ ወሰዳት፤ ጥጃዋን በነጻ እንደ ወሰደ ቁጠሩት። ገንዘቡ ለማይኩ አልበቃም። የጎደለውን ምክትሉ ከኪሳቸው እንደሚሞሉ በሚቀጥለው እሑድ ተነገረ፣ እልልም ተባለ። በዚያ በሞሉት ብር ልጄ የዓመት ወተት ታገኝ ነበር። ማንም ይህን አላሰበም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ተናግሬ አይቼዋለሁ።

ባዶውን ጋጣ ጠረግሁ። ለልጄ የገብስ አጥሚት አፈላላት ነበር። የጾሙ እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት፣ ሳይደርስ ኩራዙን ማሳየት ተወች። ከዚያ የቀኝ ዓይኗ ብሌን እንደ ደፈረሰ ውኃ ሆነ። በብርሃን ስታለቅስ ትውላለች፣ በጨለማ ዝም ትላለች።

ቆርቆሮ ኩባያ ይዤ ምክትሉ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ስደርስ የሚነጠር ቅቤ ይሸታል። ጾም ነውና ወተቱን የሚጠጣ የለም፤ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል።

«አያ፣ በዚህች ኩባያ። ለልጅቱ ብቻ።»

«በዚህ ቤት የጾም ዕቃና የፍስክ ዕቃ አይነካካም።»

«ዕቃ ይዣለሁ፣ አያ።»

«የመምሬ ሚስት፣ ባልሽ ሥልጣን አላቸው። ይጸልዩላት። አንቺ በየደጁ ስትለምኚ ያየ የሚሰድበው አንቺን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንን ነው። እፈሪ እንጂ።»

አፈርኩ። ኩባያውን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት የምክትሉ ሚስት ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትመጣ በእኛ በኩል ዞረች። ከጋቢዋ ሥር ወተት የሞላ ኩባያ አወጣች።

«እኔ እዚህ አልመጣሁም» አለችኝ።

«አልመጣሽም» አልኳት።

እስከ ፋሲካ እንዲህ እየዞረች ተሳለመች። ባሏ ቢያውቁባት ምን እንደሚገጥማት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ለቀኙ ዓይን አልደረሰችም። ግራው ግን ብርሃንና ጥላ የሚለየው በእሷ ወተት ነው። ያቺን ሴት በጸሎቴ ሳላነሣ አድሬ አላውቅም።

ማይኩ ለፋሲካ ደረሰ። ድምፅ ማጉያውን ጽዱ ላይ ሰቀሉት። መጀመሪያ የተናገሩበት ምክትሉ ናቸው፤ ገንዘብ የጨመሩትን እያመሰገኑ ብዙ ቆዩ። ላሟን የሰጠችውን መበለት አላነሡም። ቀጥሎ የባለቤቴ ድምፅ እስከ ወንዝ ማዶ ተሰማ። አማረ፤ አላማረም ብል እዋሻለሁ። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ልጄን ታቅፌ ሰማሁት። ልጄ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

ከፍ ስትል ድምፁን እየተከተለች ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቻለች። ድንጋዩን በእግሯ ታውቀዋለች፣ አቅጣጫውን በማይኩ። አንድ ቀን ምክትሉ በሩ ላይ ቆመው ስትመጣ አዩዋት። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«አየሽ፣ የመምሬ ሚስት?» አሉኝ። «አንቺ ላሟን ትያለሽ። ይኸው ማይኩ ልጅሽን እየመራ አመጣት። የታቦት ገንዘብ የት እንደ ዋለ አየሽ?»

እያሾፉብኝ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። አላሾፉም። ከልባቸው ነበር፤ ደስ ብሏቸውም ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አያ» አልኩና ገባሁ።

ዛሬ የምንኖረው ጎንደር ነው። ባለቤቴ በከተማው ጫፍ ባለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተመደቡ፤ እኔም በሰበካ ጉባኤው ተመርጬ ተቀምጫለሁ። ምግብና መጠለያ አላጣንም። ጉባኤ ላይ ብዙ አልናገርም። የምናገረው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ የአገልጋዩን ቀለብ አገልጋዩ ራሱ አይለምን፣ እኛ እናንሣው፤ የሚሸጥ ነገር ካለ ገበያው ሲወደድ ይሸጥ፤ ጎረቤት ገዛ ብለን አንግዛ።

በቅርቡ ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦ፣ ይጨመር የሚል አሳብ ቀረበ። ከታች ያለው አጥቢያ ድምፁ በለጠን ተባለ። የአንዱ ዲያቆናችን ደመወዝ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ዲያቆኑ ማታ ማታ ጥበቃ ያድራል፣ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። እሱን አነሣሁ።

«እናታችን ድምፅ አይወዱም መሰለኝ» አለኝ ገንዘብ ያዡ፣ እንደ ልጅ እየቀለደ። ሳቁ።

ለፋሲካ እንዲገዛ ተወሰነ። ተገዛ።

አሁን ልጄ ትልቅ ሴት ናት። እሑድ ሌሊት ስትነሣ በቤታችን ደጅ ያለው አየር ሁሉ ቅዳሴ ነው፤ ከላይ ከኮረብታው አንዱ፣ ከወንዙ በኩል ሌላው፣ ከኋላ ደግሞ የእኛው በሁለት አፍ። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ዱላዋን ይዛ መንገዱ መሐል ድረስ ትሄዳለች። ከዚያ ትቆማለች። ጭንቅላቷን ወዲህ ታዞራለች፣ ወዲያ ታዞራለች።

«እማዬ» ትለኛለች፣ «የእኛው የቱ ነው?»

ወጥቼ እጇን እይዛታለሁ።