የአባቴ ቀይ ዶሮዎች

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ እሷ ሃያ አንድ ቀን ትተኛለች፤ እኔ ሃያ አንድ ቀን ስነሳ ስቀመጥ እከርማለሁ። የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ባለቤቴ፣ «እሷን ትተሽ አንቺ ብትታቀፊው ኖሮ እስካሁን ተፈልፍሎ ነበር» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። ዶሮዎቹ ከአባቴ ቤት የመጡ ናቸው። አባቴ ከአቀስታ በላይ ባለው ብርድ አገር ዕድሜውን ሙሉ ያረባው አንድ ዓይነት ዶሮ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ አናቱ ላይ ድርብ ኩክኔ ያለው፣ እግሩ ቢጫ። ነጠላ ኩክኔ ያወጣ ወይም አንዲት ጥቁር ላባ የታየችበት ሲደርስ ወደ ገበያ ነው። ስዳር አንድ አውራና ሦስት ሴቶች መርቆ ሰጠኝና መካነ ሰላም ይዣቸው ገባሁ። በዓመቱ አባቴ ሞተ። ወንድሞቼ እዚያ የቀሩትን ሸጠው ጨረሷቸው፤ ዘሩ እኔ እጅ ላይ ብቻ ቀረ። የጎረቤት አውራ አጥሬን በዘለለ ቁጥር ድንጋይ ይዤ የምሮጠው ለዚህ ነበር። ሰፈርተኛው አብዳለች ይለኝ ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተም።

አባቴ ሁልጊዜ ጥቂቶቹን ሌላ ሰው ቤት ያስቀምጥ ነበር። የዶሮ በሽታው ፈንግል አንዴ ከገባ ቤቱን ጠርጎ ነው የሚወጣው። እኔም ዶሮዎቼ ሲበዙ አንድ አውራና ሁለት ሴቶች ለርቢ ሰጠሁ፤ ጫጩቱን እኩል ልንካፈል። የሰጠኋቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀው ለሚኖሩ የአንድ የቁርኣን አስተማሪ ሚስት ነው። ባላቸው ለጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመጡ እኛ ቤት ስለሚያድሩ ቤተሰብ ሆነን ነበር። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ፈንግል ግቢዬ ገባ። አንድ ጠዋት ሁለት ዶሮዎች አንገታቸው ተጠማዞ አገኘሁ። በአምስተኛው ቀን አንድም አልቀረኝም። ለዶሮ ክትባት አለ ሲባል ያኔ አልሰማንም። የሞቱትን ለቅሜ ስቀብር አእምሮዬ እዚያ ማዶ ካሉት ሦስቱ ጋር ነበር፤ ሴትዮዋ ድርሻቸውን ጫጩት ሲያድግ ስለሚሸጡት ከዘሩ የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ የሴትዮዋን ሰፈር ሰው አግኝቼ፣ «ሰኞ እመጣለሁ በልልኝ» አልኩት። ስለ ፈንግሉ ትንፍሽ አላልኩም። ፈንግል የገባበት ቤት ሰው ዶሮ ያለበት ግቢ አይረግጥም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ከሰሙ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቂ ሊሉኝ ነው። ባለቤቴ፣ «ኧረ ትንሽ ቆዪ» ቢለኝ ጮህኩበት። አውራዬን በዓይኔ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ሰኞ ስደርስ ሴትዮዋ ከደጅ ተቀብለው አገላብጠው ሳሙኝ። «መርሃባ፣ መርሃባ! የኔ እናት፣ ደህና ነሽ ወይ? ልጄስ፣ ባልሽ፣ ደህና ነው?»

አስቀመጡኝና እግሬን ሊያጥቡ ውሃ አመጡ።

«ኧረ ተዉ እናቴ፣ እኔው እታጠባለሁ።»

«ዝም በይ እቴ! እንግዳ አይደለሽም እንዴ?»

እግሬን አጠቡኝ፣ ጭቃ የያዘውን የላስቲክ ጫማዬንም አጠቡት፤ ውሃውን ግቢው ውስጥ ደፉት። ዶሮዎቻቸው ተሯሩጠው መጥተው የፈሰሰበትን ይጭሩ፣ ይጠጡ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ የሞቱትን ስቀብር የቆየሁት በዚያው ጫማ ነው። ደነገጥኩ፤ ግን አልተናገርኩም። ቶሎ ብዬ ሦስቱን ይዤ እወጣለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ዓይኔ አውራውን ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ አይታይም፣ ሲጮህም አልሰማም። ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ሌላ ወሬ ያመጣሉ። በመጨረሻ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ድስት ተሸክማ ገባች። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላላ፣ በእኛ አገር የሌላ ሃይማኖት እንግዳ ሲመጣ ዶሮው ከእነድስቱ ተለይቶ ይሠራለታል።

«ብዪ፣ አትስጊ» አሉኝ። «ያረዱት የናንተው መሪጌታ ናቸው። የተሠራውም በሷ ቤት፣ በሷ ድስት ነው። የኛ እጅ አልነካውም።»

«የቱን ዶሮ ነው ያረዳችሁት?»

«ያንን ያንቺን ቀይ አውራ ነዋ! እመጣለሁ ስትዪ ምን ላቅርብልሽ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ፤ ከሱ የተሻለ በቤቴ የለም። ወላሂ፣ ለሌላ እንግዳ ቢሆን አላስነካውም ነበር።»

ተነስቼ መጮህ አማረኝ። ግን ድስቱን ብመልስ የተጠየፍኩት ቤታቸውን ይመስላል። ጎረቤትየዋ እያጎረሰችኝ በላሁ፤ አልወርድልሽ እያለኝ በላሁ።

ፊቴን አይተው ገባቸው። «ከፋሽ እንዴ? አብሽሪ፣ ዘሩ አልጠፋም» ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ቀይዋ ዶሮዬ ጭድ ላይ ተኝታለች። «አስራ አንድ እንቁላል ነው የታቀፈችው፣ ሁሉም የሱ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል።» እንግዲህ ከታቀፈችበት ተነስታ መንገድ አትሄድም፤ ሌላዋንም ብቻዋን ያለ አውራ ብወስዳት ዘር አትሆነኝም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «ፈንግል ገብቶብኛል፤ ይህችን ከሌሎቹ ለይተው ይዝጉባት» ማለት ብቻ ነበር። ግን እያወቅኩ መጣሁ ልላቸው ነው? አፈርኩ። አመስግኜ፣ ሳይመሽብኝ ልሂድ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ነው፤ ስምንት ቀረ፣ ሰባት ቀረ። ሌሊት እየተነሳሁ ባዶውን የዶሮ ቆጥ አያለሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ ያው ሰውዬ ገበያ ላይ አገኘኝ። ዶሮዎቻቸው በሙሉ አልቀዋል፤ የታቀፈችውም እንቁላሏ ላይ እንዳለች ሞታ ተገኝታለች።

ሰኔ ሳይጋመስ ሴትዮዋ ራሳቸው መጡ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጭቃ፣ በእግራቸው። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«አማናሽን፣ አደራሽን አልጠበቅኩም» አሉኝ። «አውራሽን አረድኩት፣ ሴቶቹንም ፈጀኋቸው። የአባትሽን ዘር እኔ አጠፋሁት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል፤ እሱ ሁሉን ያውቃል። እሳቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ መልሴን ይጠብቃሉ።

«አውፍ ብያለሁ» አልኳቸው።