በእጅ የሚታይ ውሃ

ውሃ ውስጥ ሌላ ዓለም አለ ይባላል። የለም። ከላይ ያለው ዓለም ነው የሚቀጥለው፣ ጭቃና ጨለማ ተጨምሮበት። ስለ ባሕርና ስለ ጥልቀት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ጸሐፊዎቹን ሁሉ ዕድላቸው ንጹሕ ውሃ ላይ ጥሏቸዋል። እኔን የጣለኝ ሐዋሳ ላይ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ደምሴ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትንሽ ራቅ ብለው ጀልባ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። የቀድሞው ባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ባሕሩ ሲቀር የአየር ሲሊንደራቸውን ይዘው ሐይቅ ፍለጋ መጡ። የዚያን ቀን ሥራ የሰጠመ የጀልባ ሞተር ማውጣት ነበር። የእርሳስ ቀበቶውን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፣ መነጽሩን አጠበቁልኝ፣ ገመዱን ክንዴ ላይ ቋጠሩት።

«አሁን ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

«ታዲያ መነጽሩ ለምንድን ነው?»

«ጭቃ ዓይንህ እንዳይገባ። ልታይበት መስሎህ ነበር?»

አንድ ጊዜ መሳብ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ «ገመድ ልቀቁልኝ»፣ ሦስት ጊዜ «አውጡኝ»። ከታች ሌላ ቋንቋ የለንም። ወረድኩ። ምክራቸውን ንቄ ዓይኔን ብከፍተው ከፊቴ አረንጓዴ ጥቁረት ብቻ ቆመ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መደለቅ ጀመረ። ስጨፍን ረጋሁ። አምባዛ እግሬን ታክኮ አለፈ። ሞተሩን በጣቶቼ አገኘሁት።

የእኛ ሥራ ሦስት ዓይነት ነው። ዕቃ እናወጣለን፤ የውሃ መሳቢያ ቱቦ አፍ እንጠርጋለን፤ ሰው እንፈልጋለን። ሦስተኛውን በቀጠሮ የሚያሠራን የለም።

ሰው ሲፈለግ ከባድ ድንጋይ በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ጠላቂው ድንጋዩን መሐል አድርጎ ይዞራል፤ በየዙሩ ገመዱን ያረዝማል፣ በእጁ ወለሉን ይዳብሳል። ጋሽ ደምሴ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፦ «እግር ካገኘህ ወደ ላይ ውጣ፣ ወገብ ላይ ቁም። ልብሱን ይዘህ ገመድህን ሳብ። ፊት አትንካ። ከነካህ ራት አትበላም።»

ጀልባው ላይ ሆኖ የጠላቂውን ገመድ የሚይዘው ሰው የሟች ዘመድ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ከቡሹሎ የመጣ ወጣት፣ የሰጠመው ወንድሙ ነበር፣ ገመዱን ካልያዝኩ ብሎ ጀልባው ላይ ተንጠለጠለ። ጋሽ ደምሴ እጁን ቀስ ብለው አላቀቁት። «አንተ ታለቅሳለህ፣ ገመዱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠላቂው ከታች ምልክት ይመስለዋል። ሂድ እናትህን ያዝ» አሉት። ሄዶ እናቱን ያዘ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንድ ሐይቅ ዳር ሆቴል ሥራ አስኪያጅ በሚያብለጨልጭ ጫማው ጭቃው ጫፍ ድረስ መጣ። «እባካችሁ በዚያኛው በኩል አውጡት፣ ሰርግ አለብን» አለ።

«እሱም የሰርጉ እንግዳ ነው» አሉት ጋሽ ደምሴ።

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አሰበና «ቢሆንም» አለ። በዚያኛው በኩል አወጣነው።

ቤቴ እነዚህን ታሪኮች አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ማርታ አስተማሪ ናት፤ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ነበር?» ትለኛለች። «ሞተር» እላለሁ። የእኔን ቃል ላመነ ሰው የሐዋሳ ሐይቅ ወለል በሞተር የተነጠፈ ነው። እሷ የምትፈራው አየር እንዳያልቅብኝ፣ ጉማሬ እንዳይገለብጠን ነበር። ያን ፍርሃት እንዳለ ተውኩላት፤ ከእውነቱ የተሻለ ፍርሃት ነው።

ጋሽ ደምሴ ከሞቱ በኋላ ጨለማ ውሃ የሚገባ እኔ ብቻ ቀረሁ። ወጣቶቹ ለመዋኘት ደፋሮች ናቸው፤ ለመዳበስ ግን አይመጡም። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ቤት አገኘንና ከሐይቁ ዳር ለቀቅን። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን ማርታ ሲሊንደሩን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው። «ይህ አይመጣም» አለች። «አዲሱ ቤት ሐይቅ አይታየውም። አንተም አይታይህ። በቃህ።»

«እሺ» አልኩ። አላልኩም ማለት ይቻላል፤ በአፌ ብቻ ነው ያልኩት። ስልክ ሲደወልልኝ ምን ብዬ ከቤት እንደምወጣ እያሰብኩ ነበር። ሥራውን እወደው ነበር ማለት ይከብዳል፤ ግን ሌላ የምችለው፣ የሚፈለግብኝም ነገር የለም።

ሞምባሳ የሚሠራው የማርታ ወንድም ስለ አዲሱ ቤት ሲሰማ «ከጓዝ ማጓጓዙ ድካም እዚህ መጥታችሁ ዕረፉ» ብሎ ጋበዘን። ሦስታችን ሄድን፤ እኔ፣ ማርታ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ሕይወት። የባሕር ዳር ዕረፍት ድካም ያወጣል የሚሉ ሰዎች በዚያ ሙቀት ተኝተው አያውቁም። በሁለተኛው ቀን ወንድሟ በጀልባ ወስዶ ለጀማሪዎች መጥለቅን ለሚያለማምድ አንድ ኬንያዊ ወጣት አስረከበን።

ወጣቱ የእጅ ምልክት አስተማረን። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገናኙ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። እኔ እጅን የሚያይ ሰው ባለበት ውሃ ሠርቼ ስለማላውቅ ሳቅኩ። «ከዚህ በፊት ጠልቀህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት።

ስወርድ ከልማድ የተነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወጣቱ መነጽሬን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እጆቼን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሥራ ላይ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከእነሱ ባሻገር ማርታ ነበረች፤ ወጣቱ ከጀርባ ይዟታል፣ ፀሐይ ከላይ ወርዶባታል፣ ቢጫ ዓሦች በትከሻዋ ላይ ይመላለሳሉ። ከመነጽሯ ውስጥ ዓይኖቿ እንደ ሕፃን ዓይን ፈጠዋል። እንዲህ ደስ ብሏት ያየሁበትን ቀን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ጀልባው ላይ ስንወጣ ደረቴን በቡጢ መታችኝ።

«አንተ ጨካኝ! ሃያ ዓመት ይህን ለብቻህ ስታይ ኖረሃል? እኔ ቤት ተቀምጬ ስጸልይልህ፣ አንተ እዚህ ገነት ውስጥ!»

«አባዬ፣ ስንመለስ እኔንም ታስተምረኛለህ» አለች ሕይወት። «ሐዋሳ አንድም ሴት ጠላቂ የለም አይደል? የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።»

ማርታ ፀጉሯን እየጨመቀች «እኔ አልከለክልም» አለች። «አንተንም አልከለክልህም። ተሳስቼ ነበር። ተመለስ ወደ ሥራህ፣ እሷንም ይዘሃት ግባ።»

አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ሥራዬ ይመለስልኛል። ልጄም ከእኔ ጋር ትወርዳለች። መናገር ደግሞ ሥራዬን ያሳጣኛል፣ የማርታንም ደስታ ይወስዳል። ያን ቀን ምሳ ላይ ስለ ዓሦቹ ቀለም ሲያወሩ አብሬ አወራሁ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ያረፍንበት ቤት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ከዘበኛው ጥቁር ፕላስተር ለምኜ ምንም እንዳይታያት የሕይወትን መነጽር ሸፈንኩት። ገመድ ክንዷ ላይ ቋጠርኩ፣ ጫፉን እኔ ያዝኩ። ማርታን ገንዳው ደረጃ ላይ፣ ውሃው እስከ ደረቷ ድረስ እንዲደርስ አስቀምጬ «እግርሽን ዘርጊ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?»

«ሥራዬ ነው።»

ሕይወት ትንፋሿን ይዛ ወለሉን ትዳብስ ጀመር። መጀመሪያ ለአየር ብቅ ባለች ቁጥር ትስቅ ነበር፤ ግድግዳውን በግንባሯ ስትመታ እናቷም ሳቀች። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ከዚያ እጇ የእናቷን ቁርጭምጭሚት ነካ። ተስፈንጥራ ወጣች።

«አገኘኋት!»

«እግር ነው ያገኘሽው፣ ገና አልጨረስሽም» አልኳት። «ወደ ላይ ሂጂ። ወገብ ላይ ስትደርሺ ልብሱን ይዘሽ ሦስት ጊዜ ሳቢ። ፊት አትንኪ።»

ተመልሳ ገባች። እጆቿ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጭን በቀስታ ወጡ። ማርታ እንዳልኳት አልተንቀሳቀሰችም። የሚዳብሷትን ጣቶች ቁልቁል ታያቸዋለች። ሕይወት የእናቷን ልብስ ወገቧ ላይ ጨበጠች። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛ ሳበች። ሦስተኛውን አልሳበችም። ተነሥታ መነጽሩን ከፊቷ ላይ ገነጠለችው።

«አባዬ፣ ሞተር የምትለው...»

«ሞተርም ነበር» አልኩ።

ማርታ ከውሃው አልወጣችም። «ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«አልቆጠርኩም።»

«ትዋሻለህ።»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ዕረፍት ውሃ የገባ ሰው የለም። ወንድሟ «ምን ሆናችሁ?» ሲለን ማርታ «ሙቀቱ ነው» አለችው። ስንመለስ ክልከላዋን መድገም አላስፈለጋትም። ሕይወትም ስለ ጠላቂነት ዳግም አላነሣችም።

ሥራን ለቤተሰብ መግለጥ ቤትን ያቀራርባል ይላሉ። እኔ ቤት አላቀራረበም። አልጋ ላይ እጄ የማርታን እግር ሲነካት ቶሎ ትሰበስበዋለች፤ ከዚያ ይቆጫትና መልሳ ትዘረጋዋለች፤ እኔ ግን እጄን ወስጃለሁ። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ ለወጣት ሙያ ስታሳይ የሥራውን ክፉ ቀን አስቀድመህ አሳይ፤ ዋጋውን ደግሞ አንተ ትከፍላለህ።

ስልኬ አሁንም ይጮኻል። ከእኔ ሌላ የሚወርድ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ እንዳለም አውቃለሁ። አላነሣም። ከምትደውሉልኝ መካከል ልጄን በእኔ ፈንታ እንድትወርድ የጠየቃችኋትም አላችሁ። እሷን ተዉአት። የእኔንም ቁጥር አጥፉት።