ፈንዲሻ በጫንቃ

ደኅና ነኝ። የአረጋውያን ቤት ፈረቃዬ ወደ ጠዋት ስለተዛወረልኝ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ፀሐይ አያለሁ። ልጄ ከተዳረች ስድስት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን አዲስ ፊልም አየሁ፤ ከባሕር ስለሚወጣው አውሬ ነው። ስለ አውሬው ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን ያየሁት ካኮረፈችኝ እህቴ ጋር ስለሆነ መጀመሪያ የኩርፊያውን ልናገር።

እህቴ በዐሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ገና አዲስ አበባ ሳለን ነው ያረፈችው፤ ወደዚህ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሰው በአውሮፕላኑ ወለል ላይ ታጭቆ፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያመጣችኝ እሷ ናት። ጸጉሬን የሠራችው፣ የወላጅ ስብሰባ የገባችልኝ፣ መመረቅም መሳደብም ያስተማረችኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለች እህት ለሰርግ በምን ይጠሯታል? ቤቷ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ያቀረበችውን ቀምሰው፣ «ያለ አንቺ አይሆንም» ብለው ነው። እኔ ደግሞ በየለቅሶው ቤት «ወጉ ጠፋ! ልጆቹ ወግ አያውቁም!» እያልኩ የምለፈልፍ ሴት ነኝ።

ታዲያ እኔው ራሴ፣ ከአዳራሽ ወደ ልብስ ሰፊ ስሮጥ፣ የጥሪ ካርዱን ላገኘሁት ሁሉ በስልክ ላክሁ። ለእሷም ላክሁላት። ያውም ለጥርስ ሐኪሜ ከላክሁ በኋላ! መልሷ አንድ የአውራ ጣት ምልክት ነበር። ደስ ያላት መሰለኝ። በሰርጉ ዕለት ሳትመጣ ቀረች፤ ወንበሯ እስከ ራት ባዶውን ቆየ።

ተቆጣሁ። «ለአንድ ካርድ ብላ የልጄን ሰርግ ትቀራለች?» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ከሰስኳት። እኔ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ እሷ ባርኔአ ሰፈር፣ በመካከላችን አንድ አውቶቡስ ብቻ እያለ ስድስት ወር ተዘጋጋን። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር። ጥፋቱን ሳውቅ ነው ይበልጥ የምቆጣው፤ አፈጣጠሬ ነው።

ከዚያ ልጄ ማርገዟን ነገረችኝ። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ ስልኬን አነሣሁ፤ የእህቴን ቁጥር አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እንደገና በስልክ? በአካል እንዳልሄድ ደግሞ በሩን ሳትከፍትልኝ ብትቀርስ ብዬ ፈራሁ። ያን ሰሞን ደስታዬ አልዋጥ አለኝ። እሷ ያልሰማችውን ደስታ ለብቻዬ ምን አደርገዋለሁ?

ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ሳናግራት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። «ኢማ፣ ማክሰኞ ሲኔማ እንሄዳለን። ያላ፣ እምቢ እንዳትዪ» አለችኝ። ሄድኩ። ወንበራችን ጋ ስደርስ እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባልዲ የሚያህል የፈንዲሻ ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ልጄ መሀላችን እንደ ድንበር ገባች።

«ምን ብለሽ አመጣሻት?» አልኩ በጆሮዋ።

«ቤቷ ሄድኩ። ተቀመጥኩ፣ በላሁ፣ ጉልበቷን ሳምኩ፣ ‹ዶዳ፣ አክስቴ፣ ያለ እርስዎ ፊልም አይታይም› አልኳት። ካኻ ዖሲም፣ ሎ?»

እንዲህ አይደል የሚደረገው? ማለቷ ነው። ወግ አያውቁም ከምላቸው አንዷ እሷ ነበረች።

ፊልሙ ተጀመረ። አውሬው ግሩም ነው፤ ሕንጻውን እንደ ደረቅ ዳቦ ይገምጠዋል። ከእንግዲህ ማሪና ሄጄ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ አልቀመጥም። ዋናዋ ተዋናይ ከተማው ሁሉ በላይዋ ሲፈርስ የከንፈሯ ቀለም እንኳ አልለቀቀም፤ የትኛውን እንደምትቀባ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ስለ አውሬው የማያውቀው የለም፣ በር መዝጋት ግን አያውቅም። እህቴ ይህን ሁሉ እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ እኔ ከንፈር መምጠጧን እየሰማሁ ከልጄ ማዶ አንድ ነገር ልላት ያምረኛል። ግን ኩራቴ አስሮኛል።

አውሬው ወደ ወደቡ ሲቃረብ ከተማዋን ለማስጠንቀቅ አዛካው ጮኸ። ያ ሮኬት ሲመጣ የምንሰማው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው የማስጠንቀቂያ ድምፅ። ከአዳራሹ ግማሹ ሰው ብድግ አለ። ከፊታችን አንድ አባት ሁለት ልጆቹን በሁለት ብብቱ አነሣ። እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ልጄን በጉልበቷ ላይ ተሻግሬ የእህቴን ክንድ ጨበጥኩና ወደ ደረጃው ጎተትኳት።

«እትዬ፣ ተነሽ! ቶሎ! ማማድ! ማማዱ የት ነው? ጉልበትሽን፣ ቀስ!»

መጠለያውን ፍለጋ ደረጃው ጋ ስንደርስ ከኋላ አንድ ሰው በዕብራይስጥ «ፊልሙ ነው! ፊልሙ ነው የሚጮኸው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አባትየውም ልጆቹን አስቀምጦ ሳቀ። እኛ ግን እጅ ለእጅ እንደተያያዝን መተላለፊያው ላይ ቆመናል። ወደ ኋላ ዞር ስል ልጄ ወንበሯ ላይ ሆና በሳቅ ታለቅሳለች።

«ውይ አምላኬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እርጉዟን ልጄን ጥዬ!»

እህቴ እጄን ጠበቅ አደረገችው። «ምን አልሽ? ማን ናት እርጉዝ?»

አወጣሁት እንግዲህ። «ልጅሽ ናት» አልኩ። «ሦስተኛ ወሯ ነው። ልነግርሽ ነበር እትዬ፣ አፈርኩ።»

እህቴ እዚያው ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። በሸራው ላይ አውሬው ድልድይ ይበላል፣ እሷ እልል ትላለች። ሰው በዕብራይስጥ ዝም በሉ ይለናል፣ ከላይኛው ረድፍ ግን አንዲት የማናውቃት ሴት ተቀብላ እልል አለችልን። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ! ተመልሰን ስንቀመጥ ልጄን ወደ ዳር ገፋናት።

መብራቱ ሲበራ ዝም ብዬ መሄድ አልሆነልኝም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው እርቅ የሚጠይቀው። ሲኔማ ቤት ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? የፈንዲሻውን ዕቃ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና እፊቷ ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ፣ በድያለሁ። ይቅር በይኝ።»

ዕቃውን ከላዬ አነሣችና ወደ ውስጥ አየች። «ባዶ እኮ ነው! ጨርሰሽው ነው የተሸከምሽው!» አለች። ከዚያ አንገቴ ላይ የቀረችውን አንዲት ፍሬ ለቅማ በጣቷ ይዛ፣ «ይችን ያህል ሸክም ይበቃል» ብላ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ግን ሳትወጋኝ አላለፈችም፦ «ለሚወለደው ልጅ በዓል ግን ከጥርስ ሐኪምሽ በፊት ልስማ። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ፎቶውን አይቻለሁ።»

በማግሥቱ ከሥራ እንደወጣሁ አውቶቡስ ተሳፍሬ ባርኔአ ወረድኩ። እሷን የምጠራበት ድግስ ገና የለም፤ ብቻ በእግሬ ቤቷ ልድረስ ብዬ ነው። በሩን አንኳኳሁ። እህቴ በቤት ልብሷ፣ ሻሿን በአንድ እጇ እያሰረች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችውና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንች ሴትዮ፣» አለችኝ፣ «ስልክ የለሽም? ደውለሽ አትመጭም?»