ወንዙ ልጆቹን በአንድ ዓመት አይጠራም

ሪስቲን ፈሪ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በሩቅ ሰሜን፣ የዴአትኑ ወንዝ ባሕር በሚገባበት የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም አትክድም። ነፋስ ከሰሜን ሲነሳ መጋረጃ ትዘጋለች፤ ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ምነው ዝም አለ ብላ ትከፍታለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ የምትፈሪው ነገር ቢያልቅ ማለቁን ራሱን ትፈሪያለሽ እያለ ይቀልድባት ነበር። እሱ በሕመም አልጋው ላይ ሞተ። በዚያ አገር ለአጥማጅ ይህ እንደ ዕድል ይቆጠራል።

ፍርሃቷ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባቷ በበጋ ወንዙ ላይ ሳልሞን ያጠምድ ነበር። ትልቅ ዓሣ በያዘ ቁጥር ከጎኑ አንዲት ቅርፊት በቢላ ጫፍ ያነሳና በመስኮቱ ብርሃን ታይ ዘንድ ይሰጣታል። ቅርፊቷ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት፤ የተጠጋጋው ዓሣው ወንዝ ውስጥ የተራበበት ዘመን ነው፣ ሰፋ ያለው ባሕር ወርዶ የጠገበበት። አብዛኛው አራት ዓመት ያህል ወንዝ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ አንዱ አንድ ክረምት፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ሦስት ክረምት ባሕር ላይ ቆይቶ እንቁላል ወደሚጣልበት፣ ወደተወለደበት ውሃ ይመለሳል። ስለዚህ የሚመለሰው ዓሣ አምስት ዓመትም ሊሞላው ይችላል፣ ሰባትም። በአንድ ክረምት ቶሎ የሚመለሰውን ትንሹንና ችኩሉን «ዲዲ» ይሉታል።

«አየሽ ልጄ፣» ይላት ነበር አባቷ፣ «ወንዙ የአንድ እናት ልጆችን በአንድ ዓመት አይጠራም። አንዱ ዓመት ቢከፋ የቀሩት በሌላው ይመጣሉ። ቤቱ ባዶ አይሆንም።»

ይህን ያለ ሰው በአንድ የካቲት ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን በአንድ ጀልባ ጭኖ ኮድ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ሦስቱም አልተመለሱም። ሪስቲን ከእናቷ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ ገበታው ሰፋባቸው።

ስለዚህ ሁለት ወንዶች ልጆች ስትወልድ ሕግ አወጣች፤ ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ አይሳፈሩም። ትልቁ ዮቭና የራሱን ትንሽ ጀልባ ይዞ ከአንድ ረዳት ጋር ይሠራል። ታናሹ ሄይካ በሌላ ሰው ጀልባ ተቀጥሯል። ሄይካ ደቡብ ከተማ ሠርቼ እከብራለሁ ብሎ ሄዶ በዓመቱ ስለተመለሰ መንደሩ «ዲዲ» ይለዋል፣ እሱም ይስቃል። የእናቱ ሕግ ሲነሳበት ግን፣ «እማዬ፣ እኛ እኮ ዓሣ አይደለንም» ይላታል። እሷም፣ ዓሣ ብትሆኑማ በአራት ዓመታችሁ ቤቱን ትለቁልኝ ነበር ብላ ትመልሳለች።

ፀሐይ በማትወጣበት በጥር ወር አንድ ቀን ሪስቲን ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ገባች። ጎረቤቷ ሽማግሌው ማህቴ ፈገግ ብሎ፣ ልጆችሽ ዛሬ ጠዋት በዮቭና ጀልባ ጎን ለጎን ቆመው ሲወጡ አየኋቸው፣ ያምርባቸዋል አላት። ሪስቲን ዳቦዋን ጥላ ወጣች። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የሄይካ አሠሪ ጀልባውን ለጥገና አውጥቷል፣ የዮቭና ረዳት ደግሞ ወገቡን ታሟል። ሁለቱ ተስማምተው ለእናታቸው ሳይናገሩ ወጡ። ሬዲዮው ከቀትር በኋላ ማዕበል እንደሚነሳ ይናገራል።

ስትደውል ነዳጅ ለመቅዳት ከተራራው ማዶ ባለው በርሌቮግ ወደብ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። 

«ዮቭና፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ውረዱ።»

«እማዬ፣ መረቡ ባሕር ላይ ነው። ሳይብስበት ማንሳት አለብን።»

«አንዳችሁ ውረዱ አልኩህ። በአያትህ አጥንት ይዤሃለሁ።»

 ዮቭና «እሺ፣ በቃ» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ሄይካ በአውቶቡስ መጣ፣ ትከሻው ላይ በረዶ እንዳለ። አቀፈችው። ቢያንስ አንዱ ቤት ገባ የሚል ሐሳብ በልቧ ሽው አለ። የአጋዘን ሥጋ መረቅ ቀዳችለት። ሄይካ ግን ማንኪያውን አላነሳም፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

«ከዮቭና ጋር ማን አለ?» አለችው።

«ማን ይኖራል እማዬ? ብቻውን ነው።»

«ይመለሳል ብዬ እኮ ነው።»

«መረቡን ትቶ? ዮቭናን አታውቂውም እንዴ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሪስቲን የፈራችውን በገዛ እጇ ጠርታ አመጣችው። አባቷ ልጆቹን አንድ ላይ አድርጎ አጠፋ፤ እሷ ለያይታ ልታጠፋ ነው። ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። ወደቡ ላይ ያሉት ሰዎችም በሬዲዮ ቢጠሩት አልመለሰላቸውም። ሄይካ ልመለስ ብሎ ተነሳ፣ ነገር ግን የተራራውን መንገድ በረዶ ዘግቶታል። ነፋሱ የቤቱን ግድግዳ ይገፋል። ሪስቲን ቁጭ አለች፣ የምትጸልየው እንኳ ጠፋባት።

«ወንዙ ከሺህ ልጆቹ ሁለት ቢመለሱለት ዘሩ አይጠፋም፤» አለች በመጨረሻ። «እኔ የወለድኩት ሁለት ነው።»

ሄይካ ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ስልኩ የጮኸው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ለማንሳት ስለፈራች ሄይካ አነሳው። ጀልባዋ አንድ ገደል ሥር ተጠግታ ተገኝታለች፤ ዮቭና በሕይወት አለ።

ከሐኪም ቤት ሲመጣ ግራ እጁ ተጠቅልሏል፣ ሁለት ጣቶቹ የሉም። መረብ የሚስበው ማሽን ጓንቱን ይዞ እጁን ሲጎትተው፣ ማጥፊያው እሱ ከማይደርስበት ጥግ ነበረ። ሌላ ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ ተጭኖ ያቆመዋል። ዮቭና ይህን አላላትም፤ ጓንቱ ሰፍቶኝ ነው ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ሪስቲን ግን የማሽኑ ማጥፊያ የት እንዳለ ከሄይካ ሰምታለች። ማታ የተጠቀለለውን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እሱም እጁን አልሳበም።

በመጋቢት ዮቭና እንደገና ሊወጣ ሲነሳ ረዳቱ አልዳነም ነበር። ሄይካ ሊሸኘው እስከ መንደሩ ወደብ ድረስ ወርዶ ዳር ላይ ቆመ። አባቷና ወንድሞቿ ከጠፉበት ቀን ጀምሮ ወደዚያ ወደብ ወርዳ የማታውቀው ሪስቲን መጣች።

«ግባ፣» አለችው ሄይካን።

«ሕጉስ?»

«ሕጉ የዓሣ ነው። እናንተ ዓሣ አይደላችሁም።»

ገመዱን ራሷ ልትፈታ ጎንበስ አለች። ቋጠሮው ስለጠበቀባት ሄይካ አግዟት ፈታና ዘሎ ገባ። ጀልባዋ ከወሽመጡ እስክትወጣ ቆማ አየች። ቤት ስትመለስ ነፋሱ ከሰሜን ተነስቶ ነበር፤ መጋረጃውን ሳትዘጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ እየፈራች።