«አቦ፣ ጠይቁኝ!»

ጤና ጣቢያ በጥበቃ ሲሠራ የኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ነርስነት ተምሮ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ተቀመጠ። መጀመሪያ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጫት በምንቅምበት በየበርጫው መጽሐፉን ለጓደኞቹ ይሰጥና «አቦ፣ ጠይቁኝ!» ይላል።

«ሽማግሌው፣ ለልጆችህ ተውላቸው እንጂ!» ይሉታል። ይስቃል፤ ሳይጠየቅ ግን አይነሳም። በመጨረሻ አለፈ። ነጭ ጋውን ለብሶም ሠራ። ይሄ ያጽናናኛል።

ወንድሜ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ በርጫ ስንቀመጥ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ፍራሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ባጃጅ ነጂው ጓደኛው፣ እንደ ልማዱ ወደ ፍራሹ ዞሮ «ሕፃን ትን ቢለው ምን ታደርጋለህ?» አለ። ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

ሁላችንም ባንድ ድምፅ «በክንድህ ላይ በሆዱ አስተኝተህ ጀርባውን ትመታለህ!» አልን።

ቢሰማን፣ «አቦ፣ አልፋችኋል!» ይለን ነበር።