ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሐዲድ

ኸሚስ በሐይቅ ከተማ ዳርቻ በርና መስኮት እየበየደ የሚያድር ሰው ነው። ከዚያ በፊት፣ ትልቁ የባቡር መንገድ በአገሩ ሲሠራ፣ ከበያጆቹ አንዱ ነበር። ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ድልድዩ ቆመ፤ ሥራው ግን መሐል ላይ ቀረና ሠራተኛው ተበተነ። ኸሚስም ባቡሩን ሳያይ ወደ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ሱንዱስ ያኔ ዓረብ አገር ነበረች። የሄደችው የጭቃውን ቤት አፍርሰው በብሎኬት ለመሥራት ተማክረው ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲቀር፣ ከምትሠራበት ቤት ፎቅ ላይ ወደቀች የሚል ስልክ ተደወለ። ወገቧ ተሰብሮ፣ እግሮቿ አልታዘዝ ብለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች መጣች። ኸሚስ ለጠያቂው ሁሉ፣ "መስኮት ስትወለውል አዳልጧት ነው" ይላል። እሷ አዎም አይደለምም አትልም።

ግቢው ቁልቁለት ነው፤ ድንጋዩ ለጤነኛም አይመችም። ወንበሩ ከደጃፉ አላልፍ አለ። ሱንዱስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መዋል ያዘች። ሴቶቹ መጥተው "አብሽሪ" ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፣ በቃ። አንድ ቀን ግን ኸሚስ ምሳዋን ሲያቀርብላት፣

"ውሃው ዘንድሮ ሞልቷል?" አለችው።

ሐይቁን ማለቷ ነበር። ከጓሮው ጫፍ ወለል ብሎ ይታያል። ተሸክሞ እንዳይወስዳት ደግሞ፣ አንዴ ሞክሮ "እንደ ጆንያ አታንሣኝ!" ብላ አልቅሳበታለች። እንግዲህ በገዛ እጇ እየነዳች የምትወርድበት ነገር ሊሠራላት ቆረጠ። ባቡር።

አንግል ብረት እየቀጠለ ሐዲድ አደረገው። ባሕር ዛፍ ቆራርጦ ከሥሩ አጋደመ። ከወዳደቀ ባጃጅ ሞተሩን ፈታ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር በየደ፣ ፍሬኑን በእጅ እንዲያዝ አድርጎ ገጠመ። ጎረቤቱ ሼህ ሀሚዱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣

"አንተ ኸሚስ፣ ያልደረሰልንን ትልቁን ባቡር በጓሮህ ልታደርሰው ነው?" አሉት።

"የኔዋ አጭር ናት ሼህዬ። ኢንሻ አላህ ትደርሳለች።"

ሐዲድ እንደ ፍየል መንገድ ድንገት አይታጠፍም። መታጠፊያው ላይ ሱንዱስ በሙሽርነቷ የተከለችው ብርቱካን ቆሟል። ኸሚስ ዞር ብሎ ወደ ቤቱ አላየም፤ ቆረጠው።

"ማን ቁረጥ አለህ?" አለችው ሲገባ።

"ለመንገዱ ነው፣ ላንቺው።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

በማግሥቱ ብረት መቁረጫው ከጧት ጀምሮ ሲጮህ ዋለ። ሲመሽ ደክሞት ይገባል፣ በልቶ ይተኛል። ወራቱ እንዲህ አለፉ።

የአረፋ በዓል ሲያልፍ ሐዲዱ አለቀ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። ሱንዱስን አቅፈው ከባቡሩ ወንበር አስቀመጧት፣ ፍሬኑን ጨበጠች። ባቡሩ ተንቀጠቀጠና መውረድ ጀመረ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኸሚስ ከጎኗ እየተራመደ ፊቷን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ፣ ግንባሯ የተፈታ መሰለው። "አልሐምዱሊላህ" አለ በልቡ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ያዘች። ሐይቁ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ሰው ሁሉ ከላይ ቀርቶ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሱንዱስ ውሃውን እያየች፣

"እኔ አልወደቅሁም" አለች።

"እንዴት?"

"አሠሪዎቼ በሩን ቆልፈውብኝ ነበር። ዘልዬ ነው።" ዓይኗን ከውሃው አላነሣችም። "ከዚያ በፊት ደውዬልህ ነበር፣ ልመለስ ብዬህ። ያልከኝን ታስታውሳለህ?"

ያስታውሳል። "ጣሪያው እስኪወጣ ትንሽ ታገሺ" ነበር ያላት።

"ከመጣሁ ጀምሮ፣ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስል ኖርኩ። አንተ ግን ብረት ትቆርጣለህ።"

ከሐዲዱ አጠገብ ተቀመጠ።

"አፉ በይኝ ሱንዱስ።"

"አፉማ ብያለሁ። እግሬን ግን ምን ላድርገው?" አለችና፣ "በል መልሰኝ" አለችው።

ሞተሩን አስነሣ። ቁልቁለቱን የወረደው ባቡር ዳገቱን እምቢ አለ፤ የሞተሩ ሰንሰለት እየተንቋቋ ተበጠሰ። ኸሚስ ከኋላዋ ገብቶ በሁለት እጁ ይገፋት ጀመር። ከላይ ያሉት የደከመው መስሏቸው፣ "አይዞህ! በርታ!" ይሉታል። እሷ በሻርፗ ፊቷን ሸፍናለች።

ዳግመኛ አልተቀመጠችበትም። ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ተንሸራቶ ሐዲዱን አጣመመው። ኸሚስ ሊያቀናው አልሞከረም። አሁን ሥራውን ጥሎ ከአልጋዋ ሥር ይውላል።

"ንገሪኝ" ይላታል፣ "ወላሂ እሰማሻለሁ።"

"ምን ያደርግልሃል?" ትለዋለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።